ሳተርንን ለማየት ማን ይቅደም?

ሳተርንን ለማየት የፈለግኩት ሳተርን ናፍቃኝ እንዳይመስላችሁ። እሷና እኔ አንተዋወቅም። የናፈቀኝ ሰው ነው። ይህን ከመጀመሪያው የምነግራችሁ፣ ኋላ ስለ ብርጭቆ ማውራት ስጀምር «ሽማግሌው ለይቶለት አበደ» ብላችሁ ጥላችሁኝ እንዳትሄዱ ብዬ ነው። መሄድ እንደሆነ ሁሉም ሄዷል።

ሠላሳ አራት ዓመት እዚሁ ደብረ ማርቆስ ሰዓት ስሠራ ኖርኩ። ሱቄ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ብትሆን ነው፤ ደጇ ላይ ግን አምስት ሰው የሚያስቀምጥ አግዳሚ ነበራት። ሰው ሰዓቱን ሊያሠራ ይመጣል። ሰዓቱ በሩብ ሰዓት ያልቃል፤ ሰውየው ግን እስከ ምሳ አያልቅም። የማን ልጅ ማንን አገባ፣ የማን በሬ ገደል ገባ፣ ጤፍ ይጁቤ ላይ ስንት ዋለ፣ ሁሉም በእኔ ጆሮ ያልፋል። አንዳንዱማ የተበላሸ ሰዓት ቢያጣ ደህናውን ይዞ ይመጣና «እስቲ እየው፣ አካሄዱ አላማረኝም» ይለኝ ነበር። እኔም ከፍቼ፣ ትንሽ አፍጥጬበት፣ እዘጋዋለሁ።

ከዚያ ሞባይል መጣ። ሰው ሁሉ ሰዓቱን ኪሱ ውስጥ ከተተ። መጀመሪያ ሰዓቶቹ ቀሩ፤ ቀጥሎ ሰዎቹ ቀሩ፤ በመጨረሻ ሱቋ ራሷ የባጃጅ ጎማ መለጠፊያ ሆነች። አግዳሚውን ግን አልተውኩላቸውም። ተሸክሜ ቤቴ አመጣሁት፤ አሁን ግቢዬ ውስጥ ነው። ብቻዬን እቀመጥበታለሁ። አንዳንዴ ለለውጥ ያህል ወደ ወዲያኛው ጫፍ እሄዳለሁ።

ሚስት አላገባሁም። ዛሬ ነገ ስል አለፈኝ። ደግሞ አሁን አሁን ሰው ጀንበር ሳትጠልቅ በሩን ዘግቶ ይገባል። መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ «ውይ ጠፋን አይደል! እንመጣለን፣ እንመጣለን» ይለኛል። በእኛ ሰፈር «እንመጣለን» ማለት ስንብት መሆኑን ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ቆሎ ቆልቼ ጠብቄያለሁ።

እንግዲህ ወደ ብርጭቆው ልግባ። ጓሮ ያለችውን ክፍል ተከራይቶ ሀብታሙ የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር ይኖር ነበር። ጥሩ ልጅ፣ ጨዋታ የሚያውቅ፣ ሲበላ ብቻውን የማይበላ። አንድ ቴሌስኮፕ ነበረችው። ማታ ማታ ግቢ ውስጥ ያቆማትና ጨረቃን ያሳየኛል። ጨረቃዋን ካየን በኋላ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለን እናወራለን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ጨረቃዋን ቶሎ ቶሎ አይቼ የምጨርሰው ለወሬው ብዬ ነው። ባለፈው ዓመት ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ሄደ። «ጋሼ፣ መንገድ ላይ ትሰበርብኛለች፤ እርስዎ ጋ ትቀመጥ» ብሎ ቴሌስኮፗን ትቶልኝ ሄደ።

የዚች ዕቃ ነገር እንዲህ ነው። ቱቦው ብቻውን ምንም አያሳይም። ዓይን የሚጠጋባት ትንሽ ብርጭቆ አለች፣ አይፒስ ይሏታል፤ የምታጎላው እሷ ናት። ሀብታሙ የተወልኝ አንዲት ደካማ አይፒስ ነበረች። በእሷ ሳተርንን ሳያት ያልተፈተገች ገብስ ታክላለች። ቀለበት አላት ይሉኛል፤ እኔ የማየው ግን ጆሮ ያበቀለች ገብስ ነው።

አንድ ቀን በሠርክ መሪጌታ ጥበቡን መንገድ ላይ ያዝኳቸው። መሪጌታ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ባሕረ ሐሳብ ቢሉ እሳቸው ናቸው፤ ለእኔ ግን ከሁሉ በላይ ጎረቤቴ ናቸው። በበሬና በበራቸው መካከል ሃያ እርምጃ አይሞላም። ሱቄ በነበረች ጊዜ የአግዳሚው የማዕዘን ቦታ የሳቸው ነበር፤ ሌላ ሰው ቢቀመጥበት እንኳ ሲመጡ ይነሣል። «መሪጌታ፣ ሳተርንን ላሳይዎት» ብዬ ጎትቼ አስገባኋቸው። «ዙሐልን?» አሉ ደስ ብሏቸው። ጎንበስ አሉ። አንዴ ተነፈሱ። ቀና ብለው «ዕፁብ ነው፤ የፈጣሪ ሥራ ግሩም ነው» አሉና «ተማሪ ይጠብቀኛል» ብለው ሄዱ። ማዕዘናቸው ላይ እንኳ አልተቀመጡም።

እኔ የደመደምኩት ምን መሰላችሁ? አነሰችባቸው! ገብስ ለማየት ማን ይቀመጣል? ሎሚ ብታክል ኖሮ ቁጭ ይሉ ነበር። ብርቱካን ብታክል ደግሞ ጠላ ይጠጡ ነበር። ዱባ ያከለች እንደሆነማ ውዳሴ ማርያማቸውንም እኔው ግቢ በደገሙ። በቃ፣ የሚያጎላ ብርጭቆ መግዛት አለብኝ አልኩ። ገንዘብ የት አለህ አትሉኝም? ለበዓል በግ መግዣ የያዝኩት ነበር። በግ ለአንድ ሰው አርዶ ብቻውን ከሚበላ ይልቅ ሳይበላ የዋለ ይሻላል፤ አምና ሞክሬው አውቀዋለሁ።

ለሀብታሙ ደወልኩ። አንዱን ጥያቄ ለሦስት ከፍዬ በሦስት ቀን ነው የጠየቅኩት። መጀመሪያ ቀን «የሚያጎላ ብርጭቆ አለ ወይ?» አልኩት። በማግስቱ «የት ይገኛል?» አልኩት። በሦስተኛው ቀን «ስንት ቁጥር ልግዛ?» ስለው፣ «ጋሼ፣ ለዚያች ቴሌስኮፕ ስድስት ቁጥር ይበቃታል። ርካሹም ቢሆን ይሠራል። ክፍል ልገባ ነው፣ ቻው» አለኝ።

ስድስት? ሻጩ ቴሌግራም ላይ አርባ፣ ሃያ፣ ዐሥር፣ ስድስት፣ አራት ብሎ ደርድሯል። አርባ እያለ ስድስት የሚገዛ ሰው አይታችኋል? ደግሞስ ዓይን ላይ ስለሚገጠም ብርጭቆ እኔን ማን ያስተምረኛል! ሠላሳ አራት ዓመት አንድ ዓይኔን ጨፍኜ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሻጩ «አባቴ፣ አርባውን ነው የፈለጉት? እርግጠኛ ነዎት?» አለኝ። «ትልቁን ነው ያልኩህ!» አልኩት ቆጣ ብዬ።

መጣች። ገጠምኳት። ሳተርን ከገብስ ወደ ጤፍ ዝቅ አለች። ኧረ የሰው ያለህ! ገንዘብ ከፍዬ አራቅኳት። ለሀብታሙ ስነግረው ሆዱን እስኪያመው ሳቀ። «ጋሼ፣ ቁጥሩ ሲያንስ እኮ ነው የሚያጎላው!» አለና እንደገና ሳቀ። እኔ ላይ መሳቁ ትንሽ ቆጨኝ እንጂ ሳቁስ ደስ አለኝ። እቤቴ ውስጥ የሰው ሳቅ ከተሰማ ቆይቷል። እንደገና እንዲስቅ ብዬ ታሪኩን ከመጀመሪያው ደገምኩለት።

«ስድስቷን ይግዙ፤ ከዚያ ወዲያ ይደበዝዛል» አለኝ በድጋሚ። ሞኝ ግን አንዴ ነገሩ ከገባው የሚመልሰው የለም። ሲያንስ ነው የሚያጎላው? እንግዲያው አራት እያለ ለምን ስድስት! ሻጩ ጋ ደውዬ አርባውን መልሼ አራት እንዲልክልኝ ተስማማን። ስንጨርስ፣ ልማድ አይለቅም፣ «ምራቂውስ?» አልኩት።

እናንተ ታውቁታላችሁ፤ እኛ ያለ ምራቂ አንገዛም። እህሉ ተሰፍሮ ካለቀ በኋላ አንድ እፍኝ ካልተጨመረ ሻጩ ቂም የያዘብን ይመስለናል። «አባቴ፣ ብርጭቆ ምን ምራቂ አለው?» አለ። «ልጄ፣ ምራቂ የሌለው ነገር የለም» አልኩት። ሲያስብ ቆየና፣ «እሺ፣ አንዲት እጥፍ የምታደርግ ብርጭቆ አለች፤ ከሥር ስትገባ ያኛዋ ያጎላችውን እንደገና እጥፍ ታደርገዋለች። ማንም አይፈልጋትም፣ ይውሰዷት» አለኝ። ማንም ለምን እንደማይፈልጋት ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን በምራቂ ሳተርንን እጥፍ አደረግኳት ብዬ ደረቴን ነፋሁ። አተርፍ ባይ አጉዳይ ማለት ይኸውላችሁ።

ዕቃው በአውቶቡስ ተላከ። መናኸሪያ ሄጄ ጠበቅኩ፤ መንገድ ተዘግቶ ደጀን አደረ አሉኝ። በማግስቱም ሄድኩ፤ አልመጣም። ሦስተኛውን ቀን ረዳቱ ራሱ «አባባ፣ ዛሬ እንደማይገባ ነግሬዎት አልነበር?» ሲለኝ አፈርኩ። ነግሮኛል። ግን መናኸሪያ ሰው አለ፤ ሲጠብቁ አብረው ይጠብቃሉ፣ ሲያማርሩ አብረው ያማርራሉ። በአራተኛው ቀን ዕቃው ሲመጣ ትንሽ ከፋኝ።

ቱቦውን ቀን ለቀን ላስተካክል ብዬ በአሮጌዋ አይፒስ ወደ አንድ ዛፍ አነጣጠርኩ። ይቺ ዕቃ ደግሞ ሁሉን ዘቅዝቃ ነው የምታሳየው። ዝቅ ሳደርጋት እትዬ ውድነሽ፣ የወዲያኛው አጥር ጎረቤቴ፣ ተዘቅዝቀው ጎመን ሲቀነጥሱ አየኋቸው። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ግሩም አቀነጣጠስ! ስንት ወር ጎረቤቴን በቅርብ አላየሁም፤ ዓይኔን ማንሣት አቃተኝ። ድንገት ተዘቅዝቀው አፈጠጡብኝ።

«አንተ! የእኔን ጓሮ ነው የምታየው?»

«ኧረ እትዬ ውድነሽ! ሳተርንን ነበር።»

«በጠራራ ፀሐይ? ጎመን ውስጥ?»

«ማታ ይምጡና እርስዎም ይዩዋት። መሪጌታም ይመጣሉ።» ከአፌ አመለጠኝ። እሳቸውም «መሪጌታ ካሉ እሺ» አሉ። ወዲያው ሮጬ መሪጌታ ጋ ሄድኩና «እትዬ ውድነሽ ይመጣሉ» አልኳቸው፤ እሳቸውም «እሷ ካለችማ መቅረት ነውር ነው» አሉ። እንዲህ አድርጌ ሁለቱን አንዱን በሌላው ጠራሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ ደጄን አልረገጠም።

ግቢውን ጠረግኩ። ቆሎ ቆላሁ፣ ጠላ ገዛሁ፣ አግዳሚውን አጠብኩ። ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ሁለቱም መጡ። መሪጌታ በመቋሚያቸው መሬቱን እየዳሰሱ ገቡ። ሰማዩ የጥቅምት ሰማይ ነው፣ ጥርት ያለ፤ ከጮቄ ተራራ የሚነፍሰው ብርድ ግን አጥንት ይገባል። አራት ቁጥሯን ከነምራቂዋ ገጠምኳትና ሳተርንን አሳድጄ ያዝኳት። እውነትም ትልቅ ሆናለች! ብቻ ውሃ ውስጥ እንደወደቀ ቅቤ ትንቀጠቀጣለች፤ ጫፏና መሃሏ አይለይም።

ያላሰብኩት ነገር ደግሞ አለ። እኛ የቆምንበት መሬት ይዞራል፤ ይህንንስ ተምሬዋለሁ። በደካማዋ አይፒስ ሲሆን አይታወቅም። እንዲህ ሲጎላ ግን ሳተርን መሃል ላይ አትቆይም፣ እየተንሸራተተች ትወጣለች። እኔ ሰዓት ሠሪ ነኝ፣ ለካሁት፤ ዐሥራ አምስት ሰከንድ። በእኛ አገር በዐሥራ አምስት ሰከንድ የሚያልቅ «ይቅደሙ» የለም።

«ይዣታለሁ! መሪጌታ፣ ይቅደሙ!»

«ኧረ እንዴት ተደርጎ። ውድነሽ ትቅደም።»

«እኔ? ካህን ቆሞ? ይቅር ይበለኝ!»

«እንግድነትሽም አለ፣ ሴትነትሽም አለ።»

«እንግዳስ እርስዎም ነዎት። ኧረ በማርያም!»

«እንግዲያው ባለቤቱ ይቅደም።»

«እኔ አይቻታለሁ! ፍጠኑ እንጂ!» ብዬ ጎንበስ ስል የለችም። ፈልጌ ያዝኳት። እንደገና ይቅደሙ፣ ኧረ እርስዎ፣ በሞቴ። ሄደች። በሦስተኛው ላይ እትዬ ውድነሽ ተሸነፉ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ አማተቡ፣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አሉ። ወልድ ላይ ሲደርሱ ሳተርን እንደወጣች በልቤ ቆጥሬ አውቄያለሁ። ተጎንብሰው ግን ብዙ አዩ።

«ወይ ግሩም! ወይ የአምላክ ሥራ! እንዴት ታምራለች!»

መሪጌታም ተከተሉ። «ዕፁብ፣ ዕፁብ! ከባለፈው ዛሬ በለጠች» አሉ።

ሲነሡ እኔ ጠጋ ብዬ አየሁ። ጥቁር። ባዶ ሰማይ። አንዲት ኮከብ እንኳ የለም።

«እንግዲህ መሽቷል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» አሉ መሪጌታ። እትዬ ውድነሽም ነጠላቸውን ተከናነቡ። ጠላው አልተቀዳም። ቆሎው አልተነካም። አያችሁ፣ ባዶውን ያመሰገኑልኝ ቶሎ ለመሄድ ነው። ልቤ ስንጥቅ አለ።

«ምንም የለም እኮ!» ብዬ ጮህኩ። «ያያችሁት ባዶ ነው! እሷ ከሄደች ቆይታለች! ለምን ትዋሹኛላችሁ? ሳተርን ለእኔ ምኔ ናት? ሳተርን ገደል ትግባ! ሰው እንዲቀመጥልኝ ብዬ ነው! ቁጭ የሚል ሰው ፈልጌ ነው!»

ስድሳ ያለፈው ሰው ግቢው መሃል ቆሞ እንደ ሕፃን ሲጮህ፣ ምን ይባላል? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ ውድነሽ ናቸው። «እውነቱን ልንገርህ ወንድሜ» አሉ፣ «አንድ ዓይን ጨፍኜ ልይ ስል በብርጭቆው በኩል ያለውን ነው የጨፈንኩት መሰለኝ።» ከዚያ ሳቅ ያዛቸው። እኔም ሳላስበው ሳቅኩ።

መሪጌታ አልሳቁም። መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር።

«እኔስ አንዱንም አልጨፈንኩም» አሉ ቀስ ብለው። «ሁለቱም ከተዘጉ ቆይተዋል።»

«ምን አሉ መሪጌታ?»

«የዓይን ሞራ ነው። ዓመት አለፈው። ዜማውን አፌ ያውቀዋል፣ የቤተ ክርስቲያኑን መንገድ እግሬ ያውቀዋል፤ ተማሪውን በድምፁ እለየዋለሁ። ያንተ ደጅ ግን ድንጋይ ይበዛበታል። ባለፈውም ብርጭቆህን ሳልነካው ነው የሄድኩት።»

እትዬ ውድነሽ ሳቃቸው ጠፋ። «ሞራ እኮ ይገፈፋል መሪጌታ! ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነው ለምን አልነገሩንም?»

«ለማን ልንገር?» አሉ። «ማን መጣና?»

ሃያ እርምጃ! ሃያ እርምጃ ላይ ያለ ሰው ዓይኑ ሲጠፋ ሳላውቅ፣ በበግ ዋጋ ሰማይ ለማቅረብ ስታገል ከረምኩ። እኔም «እንመጣለን» ካሉት ውስጥ ነበርኩ፤ ሲሉኝ ብቻ ነው የሰማሁት እንጂ ስል አልሰማሁም። ዐውቄ አይደለም፤ ግን አልሄድኩም።

እጃቸውን ይዤ ድንጋዩን እየመረጥኩ ቤታቸው አደረስኳቸው። እትዬ ውድነሽ ሰኞ ሐኪም ቤት አብረን እንውሰዳቸው አሉኝ፣ እሺ አልኩ። ተመልሼ ስገባ ግቢው ጭር ብሏል። ምራቂዋን ብርጭቆ በንዴት ነቅዬ አወጣኋት፤ አራቷን ብቻዋን ገጠምኩና ለወጉ ያህል አየሁ። እናንተዬ! ቀለበቷ! ትንሽ ደብዘዝ ብትልም ለብቻው ተለይቶ፣ በመካከል ጨለማ ገብቶ፣ እንዲህ ቀጭን፣ እንዲህ ንጹሕ! «ኑ እዩ!» ብዬ ዞር አልኩ። አግዳሚው ባዶ ነው። የዚያን ምሽት ያህል ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

በማግስቱ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ቴሌስኮፗን አላወጣሁም። ሃያውን እርምጃ ሄድኩ። ቆጠርኩት፤ ዐሥራ ሰባት ነው። መሪጌታ ደጃቸው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ኮቴዬን ሲሰሙ ቀና አሉ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ መሪጌታ።»

«ደግሞ ዛሬ ምን ልታሳየኝ መጣህ?»

«ምንም።»

መቋሚያቸውን አንሥተው ወዲያ አደረጉና አጠገባቸው ያለውን መደብ በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት።

«እንግዲያው ተቀመጥ» አሉኝ።